ፊቱን የሚያዞር ጡሩንባ

እታለም አበራሽ ያረፈችው ለኤፍ ኤም ጣቢያ ማማ መትከያ ጉድጓድ በተቆፈረ ሰሞን ነው። በለቅሶው ማግስት ውኃ ልቀዳ ስወርድ ቆፋሪዎቹ ምሳቸውን እየበሉ፣ «ሰቆጣ የመጀመሪያዋን የሙዚቃ ጣቢያ ልታገኝ ነው» ሲባባሉ ሰማሁና ሳቄ መጣ። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። እሷ ግን በነጠላ ሸፍና የምትስቅ ሴት አልነበረችም። ብትሰማቸው ኖሮ ወገቧን ይዛ በሯ ላይ ትቆምና፣ «እናንተ ልጆች፣ ሁለተኛዋን በሉ እንጂ!» ትላቸው ነበር።

የመጀመሪያዋ ጣቢያ እሷ ራሷ ነበረች። ስሟን ትተው «ጣቢያዋ» የሚሏት ብዙ ነበሩ። እኔ ግን በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች እታለም ነበር የምላት።

ከገበያው በላይ በኩል፣ መኖሪያዋም ሱቋም በሆነች አንዲት ክፍል ካሴት ትሸጥ ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚሰፋ ሴት ናት። አንድ ነገር ከልቧ ስታደርግ የግራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ካሴት ስትመርጥም፣ ሰው ስታማም፣ ስትጸልይም እንደዚያው ናት። በዚያን ጊዜ መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ስለነበር ካሴት ማጫወቻዋ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ወፍጮ ቤት ወስደን እናስሞላዋለን። በብርድ ጠዋት ካሴት እየተጎተተ ወጣቱን ዘፋኝ ሽማግሌ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ካሴት ሁልጊዜ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ አሙቃ ነው የምታስገባው። «ዘፋኝም ሳይሞቀው አይዘፍንም» ትላለች።

የገበያ ቀን የዘፈን ምርጫ አለ። ከደሃና፣ ከጋዝጊብላ፣ አንዳንዴም ከኒሯቅ በእግሩ የመጣ ሰው ሱቋ በር ላይ ቆሞ፣ «ለአማቼ ይመረጥልኝ»፣ «ጤፍ ተራ ለቆመችው ለእህቴ ይመረጥልኝ» ይላል። እታለም ማይኩን ታነሣና በብር ቀለበቷ ሦስት ጊዜ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ታደርጋለች። ሳታንኳኳ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም።

«ጆሮ በር የለውም» ትል ነበር። «ስለዚህ ማንኳኳቱ የኛ ፈንታ ነው።»

ከዘፈን ምርጫው ጋር የጠፋ ከብት ማስታወቂያ አለ። አንዱ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

«ገበያተኞች! ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ የግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ጠባይዋም የከፋ አህያ ጠፍታለች። ባለቤቷ የደሃናው አያ ኪዳኑ ነው። ያገኛችሁ አምጡለት። እስክትገኝ ድረስ ብቻውን እንዳይተክዝ አንድ ዘፈን ጋብዘነዋል።»

ድምፅ ማጉያው ከሱቁ ጎን በቆመ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ነበር የተሰቀለው። ሰዉ ሁሉ ጡሩንባው ነው የሚለው። ግንዱ መሬት ውስጥ አልተተከለም። ከአሮጌ የጭነት መኪና በተፈታ ኩሽኔታ ላይ ቆሞ በገመድ ሲሳብ ይዞራል። ይህን ያሠራችው ራሷ እታለም ናት፤ ምክንያት ነበራት። በኛ አገር ጎረቤት ሐዘን ላይ ተቀምጦ ዘፈን መክፈት ነውር ነው። ግን ትልቅ ከተማ ሐዘን አያጣም። ሁሉ ሐዘን እስኪወጣ ብትጠብቅ ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ዝም ባለች ነበር። ስለዚህ ለቅሶ ባለበት በኩል ጡሩንባው ጀርባውን ይሰጣል፤ ፊቱን ወደ ሌላው ሰፈር አድርጎ ድምፁን ቀንሶ ይዘፍናል። በታላቁ ጾም ደግሞ ፊቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ጭራሽ ዝም ይላል።

ውሎ ሲያድር ገበሬው ይህን ማንበብ ለመደ። ከጋዝጊብላ የሚመጡት አፋፉ ላይ ሲደርሱ ገና ገበያውን ሳያዩ ጡሩንባውን ያያሉ። ጀርባውን ለታችኛው ሰፈር ከሰጠ ታችኛው ሰፈር ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከገበያ በፊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደዚያ ያመራሉ። አልቅሰው፣ እግዜር ያጥናችሁ ብለው፣ ከዚያ ሽንኩርታቸውን ይሸጣሉ።

ገመዱን የምስበው እኔ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አስጠልቶኝ እሷ ዘንድ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን ዞሬ ማን እንደሞተ ጠይቄ እመጣለሁ፤ መጠየቁ ራሱ ለኔ ፈተና ነበር። ሰው ፊት ቃል ከአፌ አይወጣም። አንድ ቀን እታለም ማይኩን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ «ስምሽን ብቻ በይ፤ ሌላ ምንም አትበይ» አለችኝ። ማይኩን ይዤ ቆምኩ። ቆምኩ። ላቤ ወረደ። እሷ ወሰደችብኝና አንኳኩታ፣ «ገበያተኞች፣ አሁን የሰማችሁት ዝምታ የረዳቴ ነው። ደስ አይልም?» አለች። ገበያው ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ዳግመኛ ማይክ ያዥ አላለችኝም። «አንቺ ገመዱን ያዥ» አለችኝ። «ገመድም ይናገራል።»

መጀመሪያ ላይ እታለም ማይክ ስትይዝ የምትናገረው በአማርኛ ብቻ ነበር፤ ያውም የመንግሥት ሬዲዮ የሚናገረውን ዓይነት፣ «ውድ አድማጮቻችን» እያለች። የቀየራት ሲስተር ሊና ናት። ሲስተር ሊና ከእርዳታ ሠራተኞች ጋር የመጣች ፊሊፒናዊት ነርስ ነበረች። አጭር፣ ሳቂታ፣ አማርኛዋ አንድ እግሩ እንደተሰበረ በርጩማ የሚንገዳገድ ሴት ናት። አንድ ቀን ካሴት ይዛ መጣች። እህቷ ከአገሯ ከተማ ኤፍ ኤም ላይ ቀድታ የላከችላት ነው። እታለም የግራ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ዘፈን ያልቃል፤ አንድ ሰውዬ በጣም ይስቃል፤ ያወራል፤ እንደገና ይስቃል፤ ሌላ ዘፈን ይመጣል።

«ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚስቀው?» አለች እታለም።

ሲስተር ሊና በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳችን። በአገሯ በፊት የሙዚቃ ጣቢያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር አሉ የሚናገረው፤ የተማረ እንዲመስል። ይህ ጣቢያ ግን በገበያ ቋንቋ፣ በሾፌርና በልብስ አጣቢ ቋንቋ ጀመረ። ጌቶቹ አላገጡበት። ከዚያ እሷ እንዳለችው፣ «ሹፌር ሰማ፣ አጣቢ ሰማች፣ በኋላ ጌታም ተደብቆ ሰማ።»

እታለም ያን ቀን ካሴቱን መልሳ መልሳ ሰማችው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንኳኳችና በእናቷ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ጀመረች። ገበያው ቀጥ አለ። የጨው ነጋዴው ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። ኽምጣኛ ቤት ውስጥ፣ ማሳ ላይ፣ ከብት ኋላ የሚነገር እንጂ ከእንጨት ላይ የሚወርድ ቋንቋ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ቅቤያቸውን ትተው ሱቁ በር ላይ መጡና፣ «ልጄ፣ ከዚያ ላይ ሆነሽ እኔን ነው ያናገርሽኝ?» አሏት።

«አዎ እማማ፣ እርስዎን ነው።»

«እንግዲያው ድገሚው» አሉ።

የሲስተር ሊናም ካሴት እኛው ዘንድ ቀረ። ማንም ቃሉን ሳያውቅ ገበሬው ወደደው። «የዚያችን የነርሷን አገር ይመረጥልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራው በዚያ ዘፈን እስክስታ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የማይወዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ ደመቀ። ከጎጃም ተመድበው መጥተው በግብርና ባለሙያነት አርጅተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልነበራቸው ሰው ናቸው። ቤታቸው በታችኛው ሰፈር፣ ከጡሩንባው ትይዩ ነው። ቁጡ ነበሩ። ሱቁ በር ላይ መጥተው በከዘራቸው ግንዱን ይመቱና፣ «እኔ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ጠላት ግን አለኝ፤ እሱም እንጨት ላይ ተሰቅሎ ይጮኽብኛል» ይላሉ።

«ጋሽ ደመቀ፣ አንድ ዘፈን ልምረጥልዎ?»

«ዝምታ ምረጪልኝ!»

እታለም ትስቃለች። አንድ ቀን ግን ሳቋ ቆመ። ጋሽ ደመቀ ጡሩንባው ይውረድልኝ ብለው ቀበሌ ከሰሱ። ሊቀመንበሩም አዲስ ሰው ነበርና ነገሩን አጥብቆ ያዘው። ለሐሙስ ተቀጠረች። ሐሙስ ውሳኔ ይሰጣል፤ ይውረድ ከተባለ ይወርዳል። እታለም ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ባልም ልጅም የላትም። ሰሞኑን ካሴት ስትመርጥ ሁለቱንም ዓይኖቿን ገልጣ ነበር የምትመርጠው። ያኔ ነው የፈራሁላት።

ከዚያ ሐሙስ በፊት የነበረው የገበያ ቀን መጣ። ባትሪው ደክሞ ስለነበር እታለምና እኔ በማለዳ ተሸክመነው ወፍጮ ቤት ሄድን። ወፍጮው ወረፋ ነበረውና ቆየን። ስንመለስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ገበያው ግን ባዶ ነው። ጆንያው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ፣ ሰው የለም። ቀና ስንል ጡሩንባው ጀርባውን ለታችኛው ሰፈር ሰጥቷል። ከታች ዋይታ ይሰማል።

እታለም ባትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ማን ሞተ?»

አንድ የሚሮጥ ሰው ሳይቆም መለሰላት። «ጋሽ ደመቀ! ለዓይናቸው ሕክምና ወልድያ ሄደው ነበር አሉ። ሬሳቸው በአውቶቡሱ ይመጣል።»

ጡሩንባውን ማን አዞረው ብላ አልጠየቀችም። ጎረቤት ቀድሞ ሰምቶ፣ ለነውሩ ብሎ ያዞረላት ነው የመሰላት። እኔም እንደዚያው። ያ ጡሩንባ ዋሽቶ አያውቅማ። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ቁልቁል ሮጠች፤ ተከተልኳት።

የጋሽ ደመቀ ግቢ ሞልቶ አጥሩ ሊወድቅ ደርሷል። የሚያለቅሰው ጎረቤት ብቻ አይደለም። ከጋዝጊብላና ከደሃና ተራራ የመጡ፣ እኔ የማላውቃቸው ገበሬዎች ናቸው። ለካ ሰውዬው በወጣትነታቸው ያን አገር ሁሉ በእግራቸው እየዞሩ ገብስ በመስመር ዝሩ፣ እርከን ሥሩ እያሉ ሲቆጡ የኖሩ ናቸው። አንዲት ሴት መሐል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች።

*ቁጣህ ደግ ነበር፣ ስድብህ መካሪ፤*
*ማን ይቆጣን ዛሬ፣ የገብስ አስተማሪ።*

ሰዉ ይቀበላታል። ጓሮ ንፍሮ ተጥዷል። እታለም መሐል ገባችና ደረቷን መታች።

«ጠላቴ! ወይኔ ጠላቴ! ማን ይከሰኛል እንግዲህ? በሬ ላይ መጥቶ ዝምታ ምረጪልኝ የሚለኝ ማን ነው? ገበያው ሁሉ ሲወደኝ ለአንተ ብዬ ነበር ጥሩ ጥሩውን የምመርጠው፤ አንድ ቀን ይወድልኛል ብዬ! ክሱን ሳትጨርስ የት ሄድክ?»

ይህን ስትል አንድ ሰውዬ ከበሩ አጠገብ፣ ከሽማግሌዎች ኋላ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየሁ። አዲስ መነጽር አድርጓል። እጁ ላይ የአውቶቡስ አቧራ የጠገበች ሻንጣ አለች። መነጽሩን እያወለቀ ዓይኑን ይጠርጋል። አጠገቡ የተቀመጡት የጋዝጊብላ ሽማግሌ ጉልበቱን መታ መታ ያደርጉለታል፤ «አይዞህ ወንድሜ፤ አንተም ታውቃቸው ነበር?»

«በመጠኑ» አለ ሰውዬው።

ድምፁን አወቅሁት። ልጮኽ ብል እንደ ልማዴ ድምፅ አልወጣልኝም፤ የእታለምን ቀሚስ ይዤ ጎተትኩ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ «የት ሄድክ? የት ሄድክ?» እያለች ነው።

ጋሽ ደመቀ ከተቀመጡበት ተነሡ። «የት እሄዳለሁ!» አሉ። «ቀጠሮው ሐሙስ አይደለም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ልጽፈው አልችልም። ግማሹ ሰው እግዚኦ ብሎ ወደቀ፤ ግማሹ በአጥር ላይ ዘለለ። የምታወርደው ሴት እጇን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች። እታለም ዓይኗን ገልጣ አየቻቸውና ፊታቸውን በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ ቀጥሎ ደረታቸውን በጡጫ መታች። «ምነው ሳይናገሩ እንዲህ ያስለቅሱኛል!»

«ላቋርጥሽ? እንዲህ ያለ ነገር ስለኔ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ማን ነው የገደለኝ?» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ጣቱን ወደ ጡሩንባው ቀሰረ። ለካ ከታችኛው ሰፈር በሩ ዝግ የነበረው የእሳቸው ብቻ ስለሆነ፣ ሰዉ ሟቹ እሳቸው ናቸው ብሎ ኖሯል።

ተከታትለን ወጣን። ከሱቁ ጎን አያ ኪዳኑ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። የጠፋችውን አህያውን አግኝቶ እታለምን ሊያመሰግን ነው በማለዳ የመጣው። ሱቁ ዝግ ሆኖ ሲያገኘው አህያዋን የጡሩንባው ገመድ ላይ አስሮ፣ ብርዱን ሽሽት ጋቢውን ተከናንቦ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አህያዋ ገመዱ የታሰረበትን ካስማ ነቅላ፣ ገመዱን እየጎተተች በላይ በኩል ቦዩ ዳር ወዳለው ሣር ወጥታ ትግጣለች። ጡሩንባው እሷ ወደ ሄደችበት ዞሯል። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነው።

አያ ኪዳኑ የተሰበሰበውን ሕዝብ አይቶ ደነገጠ። «ምን አደረገች?»

«ሰው ገደለች» አሉት ጋሽ ደመቀ።

«ማንን?»

«እኔን።»

አያ ኪዳኑ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። «ጠባይዋ የከፋ ነው ብዬ አስነግሬ ነበር እኮ» አለ።

ንፍሮው ባከነ እንዳይባል ተበላ። ጠላ ከየቤቱ ወጣ። እታለም ባትሪውን አስገባች፤ አንኳኳች፤ ጡሩንባውን ፊት ለፊት ወደ ታችኛው ሰፈር እንዳዞረው አዘዘችኝ። ያን ቀን ያለቀሱት ሁሉ ለጋሽ ደመቀ ዘፈን መረጡላቸው። እሳቸው ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ሰሙ፤ ዝም በይ ግን አላሉም።

ሐሙስ ግን ሐሙስ ነው። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባን። እታለም አግዳሚውን ወንበር በቀለበቷ ቋ፣ ቋ ታደርጋለች።

«ጋሽ ደመቀ፣ ክስዎን ትተዋል?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አልተውኩም» አሉ። እታለም ዐመድ መሰለች። «አሻሽዬዋለሁ። ይውረድ ብዬ ነበር። አሁን የምለው፣ ገመዱ ይጥበቅ ነው። ሳልሞት ሰው እንዳያለቅስልኝ። ከወረደ ደግሞ፣ የሞትኩ ቀን የጋዝጊብላ ገበሬ ከየት ይሰማል?»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እታለም ሳቀች፤ ያ የገበያ ሳቋ ክፍሉን ሞላው። «የእርስዎን ቀን አያምጣው እንጂ፣ እኔው ራሴ ነኝ የማዞረው» አለቻቸው።

«አንቺማ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታዞሪዋለሽ። ይቺ ዝምተኛዋ ትያዘው።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደመቀ የገበያ ቀን አንድ ዘፈን ያስመርጡ ነበር፤ ሁልጊዜም የሲስተር ሊናን አገር። «በማይገባኝ ቋንቋ ከሆነ አይረብሸኝም» ይላሉ። ሰውዬው በካሴቱ ውስጥ ሲስቅ ግን በሩቁ አብረውት ሲስቁ አይቻለሁ።

ዓመታት አለፉ። መብራት ቀን ቀንም መጣ፤ ሰዉ በየቤቱ ማጫወቻ ገዛ፤ ዘፈን በስልክ መያዝ ተጀመረ። ዘፈን የሚያስመርጥ ሰው እየሳሳ ሄደ፤ የጠፋ አህያ ማስታወቂያ ግን አልቀረም። በመጨረሻ ጡሩንባውም ድምፁ ተዘጋ። እታለም አላወረደችውም፤ ለቅሶ ሲኖር ብቻ አዙሪው ትለኝ ነበር። «ባይዘፍንም ነውር ያውቃል» አለች።

ያረፈችው በገበያ ቀን ዋዜማ ነው፤ ታማ አልቆየችም። ጠዋት ግቢዋ ሲሞላ ጋሽ ደመቀ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ፤ በጣም አርጅተዋል። ግንዱ ሥር ቆሙና ቀና ብለው አዩት።

«እንግዲህ ወዴት ልታዞሪው ነው?» አሉኝ።

ጡሩንባው ለለቅሶ ቤት ጀርባውን ይሰጣል። የዛሬው ለቅሶ ቤት ግን ከእግሩ ሥር ነው። ወደ ላይኛው ሰፈር ቢዞር፣ ወደ ታችኛው ቢዞር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢዞር፣ ለእሷ ጀርባውን ሊሰጣት አይችልም።

ኩሽኔታው ዝጓል። ጋሽ ደመቀ የወፍጮ ዘይት አስመጥተው ራሳቸው ጎንበስ ብለው አፈሰሱበት። ገመዱን ያዝኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ ዞረ፤ አላቆምኩም። ግንዱን እየዞርኩ ሄድኩ። ለላይኛው ሰፈር ጀርባውን ሰጠ፤ ለገበያው ሰጠ፤ ለታችኛው ሰፈር ሰጠ፤ ፊቱንም እንደዚያው ለሁሉም በተራ አሳየ። ከተማዋን በሙሉ ዞራት።

አፋፉ ላይ ከጋዝጊብላ የሚመጡት ገበያተኞች ይታዩ ነበር። መጀመሪያ አንዱ ቆመ፤ ቀጥሎ ሁሉም ቆሙ። ጡሩንባው ሳያርፍ ሲዞር አዩ። ሸክማቸውን አወረዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ ነጭ ነጩ ከሩቅ ታየኝ። ከዚያ ከተራራው ቁልቁል፣ ቀጥታ ወደ እሷ ቤት መውረድ ጀመሩ።

በሕይወቴ ለዚያን ያህል ሰው ተናግሬ አላውቅም።